የጋሽ ጥላዬ ሣርና አልነቀል ያለው ኩርንችት

ተረት ነውና ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ ጆሮ የሌላችሁ ደግሞ ከጎረቤት ተውሳችሁ ኑ። ስትመልሱ ግን አጥባችሁ መልሱ።

በአንዲት ደጋ ከተማ ውስጥ ጋሽ ጥላዬ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ሆቴል አስተናጋጅ ሆነው ሠርተው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ከልጃቸው ከፀዳለና ከልጅ ልጃቸው ከትንሿ ምንታምር ጋር ይኖሩ ነበር። ከቤታቸው ፊት ለፊት የሣር መስክ ነበራቸው። ትልቅ አይደለም፤ አንድ ድንኳን ቢተከልበት አውታሩ አጥሩን ይነካል። ነገር ግን በሰፈሩ ሌላ ሣር አልነበረም። ሌላው ሰው ሁሉ ግቢውን ሲሚንቶ አልብሶት ነበር።

ምንታምር ገና መራመድ መጀመሯ ነው። አንድ ቀን ጋሽ ጥላዬ ጫማዋን አወለቁና በባዶ እግሯ ሣሩ ላይ አቆሟት። አንድ እርምጃ ሄደችና ሳቀች። ሌላውን ስታስከትል ግን ኩርንችት ውስጥ እግሯን ወጋት። ኩርንችት ማለት ያ መሬት ለመሬት እየተሳበ እሾሃም ፍሬ የሚያፈራው፣ ካልሲ ላይ ከተለጠፈ ካልሲው ተቀዶ እንጂ እሱ የማይለቀው ክፉ አረም ነው። ልጅቷ ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ ምንታምር ሣሩ ጫፍ ስትደርስ ሁለት እግሯን ወደ ሆዷ ሰብስባ አያቷ አንገት ላይ ትጠመጠማለች። ቤት ውስጥ ወለል ላይ ትሄዳለች፤ በረንዳ ላይ ትሄዳለች፤ ሣር ላይ ግን እንዳታስቧት። ጋሽ ጥላዬ ይህን ባዩ ቁጥር ሆዳቸው ይባባል። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ነገር አንድ ብቻ ሆነ። ይህች ልጅ በባዶ እግሯ ሣራቸው ላይ ስትሮጥ ማየት። ሀብት አልጠየቁም፣ ሹመት አልጠየቁም፣ ይኸው ነው የጠየቁት።

ልቅሶውን የሰማ ጎረቤታቸው ካሣዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ካሣዬ በየእርሻው የአረም መድኃኒት እየረጨ የሚኖር፣ ፓምፑን ከጀርባው የማያወርድ፣ ልበ ቅን ሰው ነው።

«ጋሽዬ፣ በዚህ ነው የሚጨነቁት? ለፋሲካ ዋዜማ መጥቼ ረጭቼ እገላግልዎታለሁ። ድርቅ ነው የሚለው! ብቻ ልጅቷን ለጊዜው ከሣሩ ያርቋት። እጇንም አፏ ውስጥ እንዳትከት። ዶሮም እንዳይገባ። ንብ ካለም…»

ጋሽ ጥላዬ ደነገጡ። ምንታምር ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ የምትከት ልጅ ናት። የጫማ ማሰሪያ ትቀምሳለች፤ የዶሮ ላባ ትቀምሳለች፤ የአያቷን ጢም ሳይቀር ቀምሳዋለች። እምቢ ሊሉ ፈለጉ። አፋቸውን ከፈቱ።

«እሺ ካሣዬ፤ ተባረክ» አሉ።

ምን ያድርጉ? እምቢ ማለቱ አልወጣቸውም። እንግዲህ ያላቸው አንድ ዘዴ ነው። ፋሲካ ሳይደርስ፣ ካሣዬም ፓምፑን አዝሎ ሳይመጣ፣ ኩርንችቱን በገዛ እጃቸው ከሣሩ ማስወጣት አለባቸው። ከዚያ ካሣዬ ቢመጣ የሚረጨው ነገር አያገኝም።

ስለዚህ ወደ ኩርንችቱ ሄዱ። ጎንበስ ብለው በትሕትና ለመኑት።

«ኩርንችት ሆይ፣ እባክህ ተነቀልልኝ። ምንታምር ሣሩን አልረግጥ አለች።»

«አልነቀልም!» አለ ኩርንችት። ባለጌ ነው፤ ሽማግሌ አያከብርም። «ቅጠሌን ብትበጥሰው ሥሬ አለ። ፍሬዬን ብትለቅመው ሥሬ አለ። ሥሬን የሚያነሣ መኮትኮቻ ብቻ ነው፤ እሱም ወንድ ከሆነ ይሞክረኝ!»

ጋሽ ጥላዬ ጎተቱት። ቅጠሉ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ቀረ፤ እሾሁም ጣታቸው ላይ ቀረ። ጣታቸውን እየጠቡ ወደ ጓዳ ገቡና መኮትኮቻውን አወጡ።

«መኮትኮቻ ወንድሜ፣ ቆፍርልኝ። ኩርንችት አልነቀል አለ፤ ምንታምርም ሣሩን አልረግጥ አለች።»

መኮትኮቻው መሬቱን አንዴ ነካ አደረገና «ቀጭ!» ብሎ ወደ ላይ ነጠረ።

«አልቆፍርም!» አለ። «ይሄ አፈር ነው ወይስ አስፋልት? ስለቴን ሊያዶለዱመው ነው እኮ! መጀመሪያ አፈሩ ይላላልኝ፤ ከዚያ እናወራለን።»

ጋሽ ጥላዬ ተንበረከኩ። እውነትም አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሣሩ እዚህ ጋ መላጣ፣ እዚያ ጋ መላጣ ሆኖ፣ በመላጣው ሁሉ ኩርንችት እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«አፈር ሆይ፣ ላላልኝ። መኮትኮቻ አልቆፍር አለ፤ ኩርንችት አልነቀል አለ፤ ምንታምርም ሣሩን አልረግጥ አለች።»

«አልላላም» አለ አፈር፣ በደረቀ ድምፅ። «በምኔ ልላላ? ጉሮሮዬ ከደረቀ ስንት ጊዜው! ውሃ ይሰርግብኝና እላላለሁ።»

ይህማ ቀላል ነው ብለው ጋሽ ጥላዬ የቧንቧውን ጎማ አምጥተው ውሃውን ለቀቁት። ውሃውም በአፈሩ ላይ ተንሸራቶ፣ ገለባውን ሰብስቦ፣ የምንታምርን ነጠላ ጫማ አንዱን አንሣፍፎ ወደ ውጭ በር መሮጥ ጀመረ። ጋሽ ጥላዬ ሱሪያቸውን ሰብስበው ተከትለው ሮጡ።

«ውሃ ሆይ፣ ወዴት ነው? ስረግልኝ እንጂ! አፈር አልላላ አለ፤ መኮትኮቻ አልቆፍር አለ፤ ኩርንችት አልነቀል አለ፤ ምንታምርም ሣሩን አልረግጥ አለች!»

«አልሰርግም!» አለ ውሃ፣ ሳይቆም። «በየት በኩል ልግባ? ፀሐይ አፈሩን ጠብሳ ጠብሳ ሸክላ አድርጋዋለች። እሷ ትብረድለትና እገባለሁ። በሉ ደህና ዋሉ፤ ቦዩ እየጠበቀኝ ነው!»

ውሃው ቦዩን አልፎ እትዬ ሙሉሸዋ በር ገባ። እትዬ ሙሉሸዋ የሰፈሩ ማኅበር እናት ናቸው፤ ድምፃቸው ከደወል አያንስም።

«ጋሽ ጥላዬ! ውሃዎ ቤቴን ሊወስደው ነው! በዚያውም የፋሲካ ሣሬን እንዳይረሱ!»

በዚያች ከተማ በዓል ሲመጣ የቤቱ ወለል ላይ ለምለም ሣር ካልተጎዘጎዘ በዓሉ በዓል አይባልም። በፋሲካ ጊዜ ደግሞ አገሩ ደረቅ ነው፤ ሰፈሩ ያለው ተስፋ የጋሽ ጥላዬ መስክ ነው። እሳቸውም ለማንም ነፍገው አያውቁም።

«እሺ እትዬ ሙሉሸዋ፤ ምን ገዶኝ!» አሉና የልጅቷን ጫማ ከጭቃ አውጥተው ተመለሱ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መስኩ መሃል ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከታላቅ እመቤት ጋር የሚነጋገሩ መሆናቸውን ያውቃሉና ለሆቴሉ እንግዳ እንደሚያደርጉት ጎንበስ አሉ።

«እመቤቴ ፀሐይ፣ እባክዎ ይብረዱልኝ። ውሃ አልሰርግ አለ፤ አፈር አልላላ አለ፤ መኮትኮቻ አልቆፍር አለ፤ ኩርንችት አልነቀል አለ፤ ምንታምርም ሣሩን አልረግጥ አለች።»

«አልበርድም» አለች ፀሐይ፣ ከላይ ሆና። «እኔ ለሁሉም እኩል ነው የማበራው። ማን ለብሶ ተኛ፣ ማን ራቁቱን ተኛ ብዬ አልመርጥም። የእርስዎ አፈር ራቁቱን ተኝቶ ስለተቃጠለ እኔ ምን ላድርግ? የአፈር ልብስ ሰርዶ ነው። ሰርዶ ያልብሰውና ያኔ እበርድለታለሁ። አሁን ባርኔጣዎን ያድርጉ፤ ራስዎ ሊላጥ ነው።»

ጋሽ ጥላዬ ባርኔጣቸውን አደረጉና ሰርዶን ፍለጋ ሄዱ። ሰርዶ ያ መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚጠላለፈው ልስልስ ሣር ነው፤ ድሮ መስኩን ሞልቶት ነበር። አሁን ያገኙት አጥሩ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተሸጉጦ ነው። ጫፉ ሁሉ ተቆርጧል።

«ሰርዶ ሆይ፣ አፈሩን አልብስልኝ። ፀሐይ አልበርድ አለች፤ ውሃ አልሰርግ አለ፤ አፈር አልላላ አለ፤ መኮትኮቻ አልቆፍር አለ፤ ኩርንችት አልነቀል አለ፤ ምንታምርም ሣሩን አልረግጥ አለች።»

ሰርዶ ጨዋ ነው። አልጮኸም፤ አልተቆጣም።

«ጋሽዬ፣ አላለብስም» አለ። «ክፋት ይዞኝ አይደለም። ራሴን ቀና ባደረግሁ ቁጥር ማጭድ ይመጣል። ለገና ታጨድሁ። ለጥምቀት ታጨድሁ። ለሠርግ ታጨድሁ፤ ለክርስትና ታጨድሁ፤ ለማኅበር ታጨድሁ። ያውም ከሥሬ! ትንሽ ረዘም እንኳ ብል ኩርንችት መብቀያ አያገኝም ነበር። እኔ የለቀቅሁትን ቦታ ነው የያዘው። እስቲ ማጭድ ይረፍልኝ፤ ከዚያ አለብሰዋለሁ።»

ጋሽ ጥላዬን ከጆሯቸው ጀምሮ እስከ አንገታቸው ሞቃቸው። ማጭዱ የማን እንደሆነ ያውቁታላ! በቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በየበዓሉ ዋዜማ የሚስሉትም ራሳቸው ናቸው። ቢሆንም ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ መስማት ይሻላል ብለው ወደ ማጭዱ ሄዱ።

«ማጭድ ሆይ፣ እረፍልኝ። ሰርዶ አላለብስ አለ፤ ፀሐይ አልበርድ አለች፤ ውሃ አልሰርግ አለ፤ አፈር አልላላ አለ፤ መኮትኮቻ አልቆፍር አለ፤ ኩርንችት አልነቀል አለ፤ ምንታምርም ሣሩን አልረግጥ አለች።»

«አላርፍም!» አለ ማጭድ ቀጥ ብሎ። «እኔ ታዛዥ ነኝ። እጅ ጨብጦኝ ሳለ ልረፍ ብል ማን ይሰማኛል? እጅ ይልቀቀኝና አርፋለሁ።»

ጋሽ ጥላዬ ቀኝ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ስንት ዘመን ትሪ የተሸከመ፣ ስንት ብርጭቆ የሞላ፣ አንዲት ጠብታ ያላፈሰሰ እጅ ነው። ሳያውቁት ማጭዱን ጨብጦት ነበር።

«እጄ ሆይ፣ ልቀቅ። ማጭድ አላርፍ አለ፤ ሰርዶ አላለብስ አለ፤ ፀሐይ አልበርድ አለች፤ ውሃ አልሰርግ አለ፤ አፈር አልላላ አለ፤ መኮትኮቻ አልቆፍር አለ፤ ኩርንችት አልነቀል አለ፤ ምንታምርም ሣሩን አልረግጥ አለች።»

«አልለቅም» አለ እጅ። «አፍ ቃል ይገባል፤ ላቡ የእኔ ነው። እትዬ ሙሉሸዋን እሺ ያላቸው ማን ነው? እኔ ነኝ? ካሣዬን እሺ ያለው ማን ነው? እኔ ነኝ? አፍ እምቢ ይበልና እኔም እለቃለሁ።»

ከገዛ አፍ ጋር መነጋገር እንዴት ነው? ጋሽ ጥላዬ ጨነቃቸውና መስተዋት ፊት ቆሙ። ፀዳለ ከሥራ ስትመለስ አባቷ ከመስተዋቱ ጋር ሲሟገቱ አገኘቻቸው።

«አፌ ሆይ፣ እምቢ በልልኝ።»

«እሺ» አለ አፍ።

«እሺ አትበል! እምቢ በል!»

«እሺ፣ እሺ።»

«አባዬ፣ ምነው ደህና ነህ?» አለች ፀዳለ።

«እሺ… ማለቴ ደህና ነኝ» አሉና ወደ መስተዋቱ ዞሩ። «ስማ አፌ፤ እጅ አልለቅ አለ፤ ማጭድ አላርፍ አለ፤ ሰርዶ አላለብስ አለ፤ ፀሐይ አልበርድ አለች፤ ውሃ አልሰርግ አለ፤ አፈር አልላላ አለ፤ መኮትኮቻ አልቆፍር አለ፤ ኩርንችት አልነቀል አለ፤ ምንታምርም ሣሩን አልረግጥ አለች! ይህ ሁሉ እምቢ ሲል አንተ ብቻ ምን ሆነሃል?»

አፍ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እምቢ ብል ምን ይሉኛል? ለበዓል ሣር የከለከለ ስስታም አይሉኝም? ደግሞ በራችን የሚንኳኳው መቼ ነው? ሣር ሊወስዱ ሲመጡ አይደል? ገብተው ቁጭ ይላሉ፤ ይጫወታሉ፤ ይመርቁናል። እምቢ ካልኩ ማን ይመጣል? እኔ እምቢ አልልም።»

ጋሽ ጥላዬ አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። አፋቸው የተናገረው እውነት ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ያቺን የበር መንኳኳት ይናፍቋታል። ሰው እንዲመጣላቸው ሲሉ ሣራቸውን እየላጩ ሲሰጡ ኖረዋል፤ ለልጃቸው ልጅ የቀራት መላጣው መሬትና ኩርንችቱ ነው። ይህን ሲያስቡ አዘኑ፤ በራሳቸውም አፈሩ። ከአፍ ቀጥሎ ደግሞ የሚሄዱበት፣ አቤት የሚሉበት ሌላ ማንም አልነበረም።

ሲብሰለሰሉ የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ካሣዬ ፓምፑን አዝሎ ገባ። ከኋላው እትዬ ሙሉሸዋ ትልቅ ዘንቢል ይዘው ገቡ። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ዘንቢል የያዘው ሰፈር ተከታትሎ ገባ።

«በሉ ልጅቷን ወደ ውስጥ አስገቧት፤ ልጀምር ነው» አለ ካሣዬ፣ አፍንጫውን በጨርቅ እያሰረ።

«ቆይ እንጂ አንተ!» አሉ እትዬ ሙሉሸዋ። «መጀመሪያ ሣሩን እንጨድ፤ ከዚያ እንደ ልብህ ትረጫለህ። ጋሽ ጥላዬ፣ የታል ማጭዱ?»

ማጭዱማ እጃቸው ላይ ነው። እጅ መቼ አንሥቶ እንደጨበጠው እንጃ። ጋሽ ጥላዬ በግራ ክንዳቸው ምንታምርን አቅፈው ለማጨድ ጎንበስ አሉ። ሣሩ ቀረብ ሲል ልጅቷ እግሮቿን ሰበሰበች። ትንንሽ ጣቶቿ ሸሚዛቸውን ጨምድደው ያዙ፤ ልቧ ደረታቸው ላይ ድው ድው ሲል ተሰማቸው። ጋሽ ጥላዬ ቀና አሉ።

«እም…» አለ አፋቸው።

«ምን አሉ?» አሉ እትዬ ሙሉሸዋ።

«እም… እም…»

«ውይ! ትን ብሏቸው ነው! ውሃ አምጡ! ጀርባቸውን ምታ አንተ ካሣዬ!»

«እምቢ!»

ዶሮዎቹ እንኳ መጫራቸውን አቆሙ። ከሁሉም በላይ የደነገጡት ጋሽ ጥላዬ ራሳቸው ናቸው፤ ማን ተናገረ ብለው ወደ ኋላቸው ዞር አሉ።

«እምቢ ያሉት ለማን ነው?» አሉ እትዬ ሙሉሸዋ፣ ቀስ ብለው።

«ለሁለታችሁም» አሉ ጋሽ ጥላዬ። «ካሣዬ፣ ለእኔ አስበህ መምጣትህን አውቃለሁ፤ ፓምፕህን ግን ይዘህልኝ ሂድ። ይህች ልጅ ያገኘችውን ሁሉ ትቀምሳለች፤ መርዝ የነካው ሣር ላይ አላቆማትም። እትዬ ሙሉሸዋ፣ ዘንድሮ ሣር የለም። ለፋሲካም የለም፤ ለሠርግም የለም። ሰርዶ መሬቱን እስኪያለብሰው ድረስ የለም።»

«ለበዓል ሣር ይከለከላል እንዴ?»

«ዘንድሮ ይከለከላል።»

ካሣዬ «እንደ ወደዱ ጋሽዬ» ብሎ አፍንጫውን ፈታ። እትዬ ሙሉሸዋ ግን ባዶ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወርወር አድርገው ወጡ። ሰፈሩም ተከትሏቸው ወጣ። የዚያን ፋሲካ የጋሽ ጥላዬን በር ማንም አላንኳኳም። ከፋቸው፤ በጣም ከፋቸው። ቢሆንም ማጭዱን በጨርቅ ቋጥረው ቁም ሣጥን ላይ ሰቀሉት።

እንግዲህ ስሙ! አፍ እምቢ ሲል እጅ ለቀቀ። እጅ ሲለቅ ማጭድ አረፈ። ማጭድ ሲያርፍ ሰርዶ ከአጥሩ ሥር ብቅ አለ፤ ግራ ቀኙን አየ፤ የሚያጭደው ሲያጣ ክንዱን ዘረጋና እየተሳበ አፈሩን አለበሰ። ሰርዶ ሲያለብስ ፀሐይ በረደች። ፀሐይ ስትበርድ ዝናቡም መጣ፤ ውሃም መሮጡን ትቶ ቀስ እያለ ሰረገ። ውሃ ሲሰርግ አፈር ላላ። አፈር ሲላላ መኮትኮቻው ከጓዳ ሆኖ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ጮኸ!

ጋሽ ጥላዬ መኮትኮቻውን ይዘው ዝናብ ባባራ ቁጥር ወጡ። ኩርንችቱ ፍሬ ሳይቋጥር ከሥሩ መንግለው ያወጣሉ፤ በጉድጓዱ ቦታ የሰርዶ ቁራጭ ተክለው በእግራቸው ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ካሣዬ አጥሩን ዘሎ መጣ፤ ጀርባው ላይ ፓምፕ የለም። እርጥብ ጆንያ ይዞ መስኩን ከዳር እስከ ዳር ጎተተው። አምና የረገፈው እሾህ ሁሉ ጆንያው ላይ እየተለጠፈ ወጣ።

«ይሄን ለሌላ ሰው እንዳይነግሩብኝ ጋሽዬ» አለ። «ሥራዬን ሊያሳጣኝ ነው።»

እትዬ ሙሉሸዋ በአጥሩ ቀዳዳ ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሰላምታ አይሰጡም፤ ያያሉ እንጂ። አንድ ጠዋት ግን ጋሽ ጥላዬ አንዱን ኩርንችት መንግለው ሥሩን መሃል ላይ ሲበጥሱት እትዬ ሙሉሸዋ መታገሥ አልቻሉም።

«ኧረ ምን ዓይነት አነቃቀል ነው!» ብለው ጮኹ። «ከታች ያዙት እንጂ! ዘወር አድርገው! ወይኔ፣ እኔው ልምጣ!»

መጡ። በሩን አንኳኩ፤ ጋሽ ጥላዬም በሩጫ ከፈቱ። እትዬ ሙሉሸዋ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ገቡና እስከ ምሳ ሰዓት አረሙ። ስለ ፋሲካው ማንም ምንም አልተናገረም። ምሳ አብረው በሉ፤ ሲሄዱም «ነገ በጠዋት ነው» አሉ። ጋሽ ጥላዬ «እሺ!» አሉ። ይህ እሺ ከልባቸው ነበር።

የመጨረሻው ኩርንችት ሲነቀል «ቆይ አንተ ሽማግሌ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ሊሳደብ ጀመረ። እትዬ ሙሉሸዋ ግን አላስጨረሱትም፤ ከነስድቡ እሳት ውስጥ ወረወሩት።

ሰርዶው ቁርጭምጭሚት ድረስ አድጎ፣ ጤዛው ደርቆ፣ ፀሐይዋ ለስለስ ያለችበት አንድ ጠዋት ጋሽ ጥላዬ ምንታምርን ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ራሳቸው ጫማቸውን አወለቁ። መስኩን በባዶ እግራቸው ዞሩት፤ ምንም አልወጋቸውም። ከዚያ ጎንበስ አሉ። ልጅቷ እግሮቿን ሰበሰበች።

አልጎተቷትም። ሣሩ ላይ ቁጭ አሉና ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ፀዳለ በረንዳው ላይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ካሣዬ አጥሩ ላይ ነው፤ እትዬ ሙሉሸዋ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ምንታምር ሣሩን አየች። አንዲት የእግር ጣቷን አውርዳ ነካ አደረገችው። ቶሎ አነሣችው። እንደገና ነካችው። ሣሩ ልስልስ ነው፤ ይኮረኩራል። ሙሉ እግሯን አሳረፈች። ሌላውንም አሳረፈች። የአያቷን ጉልበት ይዛ ቆመች።

ከዚያም ጉልበቱን ለቀቀችው።

አንድ እርምጃ ሄደች፤ ሌላ ጨመረች፤ ወደቀች፤ ተነሣች፤ ሳቀች። በስተመጨረሻ መሄዱን ትታ ሮጠች። ከአጥር እስከ አጥር፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ያለ ጫማ። እትዬ ሙሉሸዋ እልልታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ጥላዬ ለመነሣት ፈልገው ነበር፤ እንባቸው አላሳያቸው ብሎ እዚያው ተቀምጠው ቀሩ።

ፀሐይ እየበረታች ስትመጣ ፀዳለ «በቃ፣ አሁን ትግባ፤ ምሳዋን ትብላ» አለች። ጋሽ ጥላዬ ሄደው እጃቸውን ዘረጉ።

«ነይ እናቴ፣ እንግባ።»

ምንታምር ሁለት እግሯን ሣሩ ላይ ተከለች። አያቷን ሽቅብ አየቻቸው። ልጅቷ እስከዚያ ቀን ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር።

«እምቢ!» አለች።

ጋሽ ጥላዬ ሳቃቸው እስኪያንዘፈዝፋቸው ሳቁ፤ ምሳዋም እዚያው ሣሩ ላይ ወጣላት።

ተረቴ ይኸው እቤቱ ገባ። በሉ እናንተም ግቡ።